አባባ የይለፍ ቃሉን ሰጡኝ፤ ዋይፋዩ ግን ሸለቆውን አልሻገር አለ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

የምኖረው በደብረ ብርሃን ከተማ ዳርቻ፣ ገና በመሠራት ላይ ባለ ሰፈር ነው። ቤታችንን ሠርተን ከገባን ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። መብራትና ውኃ ገብቶልናል፤ የኢንተርኔት መስመር ግን እስካሁን አልደረሰንም። በጠየቅሁ ቁጥር “ተራ ጠብቂ” እባላለሁ። ሙያዬ የሂሳብ ሥራ ነው፤ ማታ ማታ ደግሞ በኢንተርኔት የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት እከታተላለሁ። በስልክ ዳታ ልማር ብል ወጪውን አልቻልኩትም፤ እቤት ውስጥ ደግሞ ኔትወርኩ ይጠፋል።

ከቤታችን ፊት ለፊት ትንሽ ሸለቆ አለ። ከሸለቆው ማዶ የአብሮ አደጌ አባት ይኖራሉ፤ እኔም “አባባ” እያልኳቸው ነው ያደግሁት። እርሳቸው ቤት ፋይበር ገብቷል። ችግሬን ሲሰሙ “እኔ ከዜና ሌላ ምን ላደርግበት ነው? ውሰጂው” ብለው የይለፍ ቃሉን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። በእግር ዞሮ ለመሄድ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ በቀጥታ ግን በስልኬ ካርታ ስለካው 400 ሜትር ገደማ ነው። አጥራችን ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ስወጣ ስልኬ የአባባን ዋይፋይ ያያል፤ አንድ መስመር ብቻ። የይለፍ ቃሉን ሳስገባ “በመገናኘት ላይ” እያለ ይቆይና ይተወዋል።

አንድ ባለሱቅ ሶኬት ላይ የሚሰካ የሲግናል ማጉያ ግዢ ብሎኛል። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ትልቅ “ቡስተር” ልላክልሽ ይላል። ባለቤቴ “ከሰው ቤት ኢንተርኔት መለመን ነውር ነው፣ ተይው” ይለኛል። አባባን ገንዘብ ላዋጣ ብላቸው ተቆጡኝ። ምን ላድርግ?

ድንጋይ ላይ የቆመችው

እህቴ፣ በመጀመሪያ ከድንጋዩ ውረጂ። እዚያ ላይ ሆነሽ ያየሻት አንዲት መስመር አታላሻለች፤ ብቻሽን አይደለሽም፣ አንቴና ስሰቅልና ሳወርድ የኖርኩትን እኔንም በወጣትነቴ ደጋግማ አታላኛለች።

ደጋ ያደገ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። ከማዶ የሚጣራ ጎልማሳ ድምፁ ሸለቆውን ተሻግሮ ይሰማል። ከወዲህ ያለው ሕፃን “አቤት!” ይላል፤ ድምፁ ግን መንገድ ላይ ይቀራል። ጎልማሳው ሕፃኑ ያልሰማው መስሎት እንደገና ይጣራል፤ ሕፃኑም እንደገና “አቤት!” ይላል። ስልክሽ “በመገናኘት ላይ” እያለ የሚንከራተተው በዚህ ምክንያት ነው። የአባባ ራውተር ጎልማሳው፣ ስልክሽ ሕፃኑ ነው። የቤት ራውተር አብዛኛውን ጊዜ 100 ሚሊዋት ገደማ ኃይል ይለቃል፤ ስልክ ግን ባትሪውን ስለሚቆጥብ የዚያን ሲሶ ወይም ግማሽ ቢያወጣ ነው፤ አንቴናውም በቀጭን ሽፋን ውስጥ የተጣጠፈች ትንሽ ነገር ናት። መስመሯ የምትነግርሽ አንቺ እርሱን መስማትሽን ብቻ ነው። እርሱ አንቺን ይስማ አይስማ አትነግርሽም። ኢንተርኔት ደግሞ ጥሪና መልስ ነው፤ አንዱ ጎን ካልተሰማ ምንም የለም።

ባለሱቁ ያሳየሽ ማጉያም ከዚህ ችግር አያወጣሽም። ያ ዕቃ የሰማውን መልሶ የሚናገር ነው፤ ለመናገር አስቀድሞ መስማት አለበት። እቤትሽ ውስጥ፣ ከግድግዳ ጀርባና ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ብትሰኪው የሚሰማው ነገር የለም። ቆርቆሮ ለዋይፋይ እንደ መስታወት ነው፤ የመጣውን ይመልሰዋል እንጂ አያሳልፍም። ማጉያው የሚጠቅመው ከራውተሩ እስከ አንቺ ባለው መንገድ እኩሌታ ላይ ቢሰካ ነበር። የመንገድሽ እኩሌታ ደግሞ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ሶኬቱን ማን ሊያቆምልሽ ነው? ቢሳካ እንኳን በአንድ ሬድዮ ብቻ የሚሠራው ርካሹ ዓይነት በአንድ ጊዜ መስማትና መናገር ስለማይችል ፍጥነቱን በግማሽ ገደማ ይቀንሰዋል። ባለሱቁ ክፉ ሰው ነው አልልም፤ ያለውን ነው ሊሸጥልሽ የፈለገው።

ለወንድምሽ ምስጋናዬን አድርሺልኝ፤ ነገር ግን ዕቃውን አይላክ። “ቡስተር” የሚባል አንድ ዕቃ የለም፤ ሻጮች ያልተሸጠውን ሁሉ የሚጠሩበት ስም ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ የውጭ አንቴናዎች ብዙ ጊዜ በዚያ አገር ሕግ በተፈቀዱ የሞገድ መስመሮች ላይ ተቆልፈው ነው የሚመጡት። ወደ አገር የሚገባ የመገናኛ መሣሪያም ዓይነቱ በኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የጸደቀ መሆን አለበት፤ በሻንጣ የመጣ ዕቃ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ቢያዝ ወንድምሽን ከማሳዘን ሌላ ትርፍ የለውም። መርዳት ከፈለገ ብሩን ይላክ፤ ዕቃውን ደረሰኝ ከሚሰጥ ሱቅ እዚሁ ትገዢዋለሽ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ደብዳቤሽ ውስጥ “400 ሜትር” የሚለውን እንደ ፍርሃት ጽፈሽዋል። ፍርሃትሽ ያለ ቦታው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ኤርማኖ ፒየትሮሴሞሊ የሚባሉ የቬንዙዌላ መምህር በሁለት ተራሮች ጫፍ ላይ አንቴና ተክለው፣ እኛ በየቤቱ በምናውቀው ዓይነት የዋይፋይ መሣሪያ 382 ኪሎ ሜትር አገናኝተዋል። በኔፓል ተራሮች ውስጥ ማሃቢር ፑን የተባሉት መምህር መኪና የማይደርስበትን ናንጊ የተባለውን መንደራቸውን በተራራ ላይ ማቀባበያ እየተከሉ ከኢንተርኔት ጋር አገናኝተው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በእስያ የታወቀውን የማግሳይሳይ ሽልማት ተቀብለዋል። እነዚህ ሰዎች በተአምር አልሠሩትም። ሁለቱ ጫፎች ይተያዩ ነበር፤ ድምፃቸውንም ወደ አንድ አቅጣጫ ሰበሰቡት። አንቺም የሚያስፈልግሽ ይኸው ሁለት ነገር ነው። የርቀት ችግር የለብሽም፤ ችግርሽ በመሐል ያለው ነገር ነው። ባንድ አጥር የሚዋሰኑ ጎረቤታሞች በመሐላቸው አንድ የብሎኬት ፎቅ ቢቆም ካንቺ ይልቅ ይቸገራሉ።

ድምፅ መሰብሰብ ማለት እጅን እንደ መለከት አፍ ላይ አድርጎ መጣራት ነው። ዋይፋይን እንዲህ የሚያደርገው በምሰሶ ላይ የሚሰቀል፣ መዳፍ ወይም ክንድ የሚያህል ነጭ ፕላስቲክ መሳይ ዕቃ ነው፤ የውጭ አንቴና ይሉታል፣ ሙያተኞቹ ደግሞ በሞዴሉ ይጠሩታል፦ የቲፒ ሊንክ ሲፒኢ 510፣ የዩቢኪቲ ናኖስቴሽን፣ የመሳሰሉት። ሬድዮውና አንቴናው በአንድ ሽፋን ውስጥ ናቸው። 13 ዲቢ የሚል ጉልበት የተጻፈበት አንቴና ኃይሉን ወደ ፊት ለፊቱ ሃያ እጥፍ ያህል ይሰበስባል። የሚገዛው ጥንድ ሆኖ ነው፤ አንዱ አባባ ዘንድ፣ አንዱ አንቺ ዘንድ። አንዱን ብቻ ገዝተሽ ከአባባ ራውተር ጋር ለማገናኘት የሚመክርሽ ቢኖር አትስሚው። ጮክ ብሎ መናገር የቻለና በደንብ መስማት የቻለ ሰው ከሁለቱም ማዶ ያስፈልጋል። ጥንዶቹ ደግሞ በአንድ ዓይነት ሞገድ የሚሠሩ ይሁኑ፤ ለአንቺ ባለ 5 ጊጋኸርዙን እመርጣለሁ፤ ባለ 2.4ቱ በየቤቱ ስላለ የከተማው ጫጫታ ይበዛበታል።

“ለምን ኬብል አልዘረጋም?” ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። የኢንተርኔት የመዳብ ኬብል ከ100 ሜትር በላይ እንዲሄድ አልተሠራም፤ ከዚያም በላይ ሸለቆው ውስጥ የሚያልፉ ፍየሎች አሉ።

ዕቃ ከመግዛትሽ በፊት አንድ ምሽት ሥሪ። ጀንበር ከጠለቀች በኋላ የአባባን የልጅ ልጅ ወይም ሌላ ቀልጣፋ ልጅ የእጅ ባትሪ አስይዢውና አንቴናው በሚሰቀልበት ቦታ ላይ ይቁም። ጣሪያ ላይ ከሆነ ትልቅ ሰው መሰላሉን ይያዝለት። አንቺም በእናንተ ቤት አንቴና በሚሰቀልበት ቦታ ላይ ሁኚና በስልክ እየተነጋገራችሁ ባትሪውን ያብራ፣ ያጥፋ። ብርሃኑን ጥርት አድርገሽ ካየሽው ግማሹ ሥራ አልቋል። ብርሃኑ በቅጠል መሐል ብልጭ ድርግም ካለ ግን አልቋል እንዳትዪ። ቦታ ቀይሩ፤ ሁለት ሜትር ወደ ግራ፣ ወይም ምሰሶውን አንድ ሜትር ከፍ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት በአንድ የወፍጮ ቤትና በባለቤቱ መኖሪያ መሐል እንዲህ ያለ ጥንድ ሰቀልኩ። ወሩ ጥር ነበር፤ ሰማዩ የጠራ፣ መስመሩም የሚያስቀና። ከመስመሩ ሥር ገና ወገብ የማይደርሱ የባሕር ዛፍ ችግኞች በሰልፍ ተተክለው ነበር። አየኋቸውና “እነዚህ ምን ያደርጋሉ” ብዬ አለፍኩ። በሦስተኛው ክረምት ሰውዬው ደወለልኝ። “ዝናብ በጣለ ቁጥር ኢንተርኔቱ ይሄዳል” አለ። ሄጄ ኬብሉን ቀየርኩ። በሳምንቱ እንደገና ደወለ፤ አዳፕተሩን ቀየርኩ። በሦስተኛው ጉዞዬ ምሰሶው ሥር ቆሜ ቀና አልኩ። ባሕር ዛፉ አንቴናውን ደርሶበት፣ እርጥብ ቅጠሉን ፊቱ ላይ እያወዛወዘ ነበር። ውኃ የያዘ ቅጠል የዋይፋይን ሞገድ ይጠጣዋል። የቀየርኩትን የኬብልና የአዳፕተር ዋጋ ከኪሴ መለስኩለት፤ እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ያሳፍረኛል። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ማገዶና ምሰሶ ሆኖ ብዙ ጠቅሞናል፤ ለአንቴና ሠራተኛ ግን የቅርብ ጠላቱ እርሱ ነው፤ ያውም በየዓመቱ የሚያድግ ጠላት። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባሕር ዛፍ የሌለበት ሸለቆ ብትነግሪኝ አላምንሽም። ስለዚህ ዛሬ ያለውን ብቻ አትመልከቺ፤ ከመስመርሽ ሥር የተተከለው ከአምስት ዓመት በኋላ የት እንደሚደርስ፣ የማን እንደሆነና መቼ እንደሚቆረጥ ጠይቂ።

ሌላም ነገር አለ። በሁለቱ አንቴናዎች መሐል የሚሄደው ሞገድ እንደ ክር የቀጠነ አይደለም። ጥጥ የተጠቀለለበትን እንዝርት አስቢ፤ ጫፍና ጫፉ ቀጭን፣ መሐሉ ወፍራም። በ400 ሜትር ርቀትና በ5 ጊጋኸርዝ መሐል ላይ ያለው ውፍረት ከማዕከሉ ወደ ላይም ወደ ታችም ወደ ጎንም ከ2 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ የእጅ ባትሪው ብርሃን በዛፍ ጫፍ ላይ አለፍ ብሎ ስለታየሽ ብቻ አትደሰቺ፤ ጫፉ የእንዝርቱን ሆድ ይነካዋል። ሸለቆ መኖሩ ግን ለአንቺ በረከት ነው፤ መሐሉ ጎድጓዳ ስለሆነ መሬቱ ራሱ ከመስመሩ ርቆልሻል። ያ በእግር ስትሄጂ የሚያስመርርሽ ገደል ለአንቴናሽ ከሜዳ ይሻላል።

የመሰቀሉን ሥራ ለቴክኒሻን ስጪው፤ ነገር ግን አጠገቡ ቁሚ። ምሰሶው ነፋስ የማያወዛውዘው የብረት ቱቦ ይሁን፤ ጭድ ውስጥ እንደተተከለ እንጨት የሚነቃነቅ ከሆነ አንቴናሽ ሌሊቱን ሁሉ ዓይኑን ከአባባ ላይ ሲያነሳና ሲመልስ ያድራል። አባባ ዘንድ ያለው አንቴና በኬብል ከራውተራቸው ጋር ይያያዛል፤ አንቺ ዘንድ ያለው ደግሞ እቤትሽ ከሚቀመጥ ትንሽ ራውተር ጋር። ስልኮችሽና ኮምፒውተርሽ የሚገናኙት ከዚህ ከራስሽ ራውተር ጋር ነው። በጣሪያው ላይ ያለው ዕቃ ኤሌክትሪኩንም ዳታውንም በአንዱ ኬብል ስለሚቀበል ላይ ድረስ ሶኬት መዘርጋት አያስፈልግም። ኬብሉ ፀሐይና ዝናብ የሚችል ጥቁር የውጭ ኬብል ይሁን። ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ቀለስ ብሎ ይመለስ፤ ዝናቡ እየተንጠባጠበ እዚያ ይውደቅ እንጂ ተከትሎት ወደ ራውተርሽ አይግባ።

ቴክኒሻኑ ሲያነጣጥር በመሣሪያው ገጽ ላይ በሲግናል ፊት ለፊት ከመቀነስ ምልክት ጋር የሚወጣ ቁጥር አለ። እርሱን አሳየኝ በዪው። ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን የተሻለ ነው፤ -55 ከ-70 በጣም ይበልጣል። በየ3ቱ ቁጥር ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል ወይም በእጥፍ ይጨምራል። 13 ዲቢ ጉልበት ያላቸው ሁለት አንቴናዎች በ400 ሜትር፣ መሐላቸው ጥርት ብሎ ሲተያዩ -55 አካባቢ መገኘት አለበት። ቴክኒሻኑ -75 ላይ ቆሞ “ይሠራል፣ አታስቢ” ካለሽ ክፍያውን አትጨርሺለት። ወይ አላነጣጠረም፣ ወይ በመሐል ያላያችሁት ነገር አለ። ዛሬ በጠራ ቀን በ-75 የሠራ ነገር ሐምሌ ላይ ላይሠራ ይችላል።

ስለ መብረቅ ሳልናገር አላልፍም፤ የእናንተ አገር ደጋ ነው። ምሰሶው የመሬት ሽቦ ይሠራለት፤ ደመናው ጠቁሮ ሲያጉረመርምም አዳፕተሩን ከሶኬት ንቀዪ። አባባም ይህንኑ እንዲያደርጉ ንገሪያቸው። ከመብረቅ ይልቅ በየቀኑ የሚያስቸግርሽ ግን የእንጀራ ምጣዱ ነው። ምጣድ ሲሰካ መብራቱ ደንገዝ የሚልባቸው ሰፈሮች አሉ፤ ያኔ ርካሽ አዳፕተር ያለው ራውተር ጠፍቶ ይበራል፣ አንቺም ኢንተርኔቱ ተበላሸ ትያለሽ። ማክሰኞና ዓርብ ረፋድ ላይ ብቻ የሚቋረጥ ከሆነ መልሱን ጓዳ ውስጥ ፈልጊው።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁለቱም ጫፍ መብራት ሊኖረው እንደሚገባ አትርሺ። አንቺ ቤት ጄኔሬተር ቢኖር የአባባ ራውተር ከጠፋ ምንም የለሽም። ራውተሩና አንቴናው አንድ ላይ 15 ዋት ገደማ ቢወስዱ ነው፤ ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ትንሽ ባትሪ ከነመሙያው አራት ሰዓት ያህል ያቆያቸዋል። ሁለት ግዢና አንዱን ለአባባ ስጪ። እርሳቸውም መብራት ሲጠፋ ዜናቸው አይቋረጥባቸውም፤ ከዚህ የተሻለ ስጦታ አላውቅልሽም።

ባለቤትሽ “ነውር ነው” ያለውን በቀላሉ አላየውም፤ ነገር ግን አልስማማም። እናቶቻችን “እሳት ጫሪልኝ” ተብለው ገል ይዘው ጎረቤት ሲሄዱ ማንም ለማኝ አላላቸውም። ፍም የሰጠ ቤት ደግሞ በማግስቱ የራሱ ምድጃ ሲጠፋበት ገሉን ይዞ ይመጣል። ይሁን እንጂ ኢንተርኔትና እሳት አንድ አይደሉም፤ ልዩነቱን ልብ ያላለ ሰው ነው በኋላ የሚጣላው። ከፍም ላይ ፍም ሲጫር የሰጪው እሳት አይቀንስም። ኢንተርኔት ግን ይቀንሳል። አባባ ማታ በ2 ሰዓት ዜናቸውን በቪዲዮ ሲከፍቱ አንቺም በዚያው ሰዓት ክፍልሽ ገብተሻል። አንድ የቪዲዮ ትምህርት 2 ወይም 3 ሜጋቢት በሰከንድ ይፈልጋል፤ የእርሳቸው ቪዲዮም እንዲሁ። በዚያ ላይ ባለቤትሽ ፊልም ቢያወርድ፣ እዚያ ማዶ ደግሞ ለበዓል የመጡ የልጅ ልጆች ቢጨመሩ የአባባ ዜና እየቆመ ይሄዳል። እርሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው፤ አይነግሩሽም። ቴሌቪዥኑን ዘግተው ይተኛሉ፤ አንቺም ሳታውቂ ቅር ተሰኝተውብሽ ይከርማሉ። የጎረቤት ጠብ ሲፈጠር አይቻለሁ፤ አንድ ቀን እንኳን በጩኸት ሲጀምር አላየሁም።

ስለዚህ ቴክኒሻኑ እዚያው እያለ ባንቺ አንቴና በኩል የሚያልፈውን ፍጥነት ይገድበው። የአባባን ሳይሆን ያንቺን። መስመራቸው 10 ሜጋቢት ከሆነ አንቺ በ5 ተወሰኚ። ትልልቅ ፋይሎችንና የኮምፒውተር ማሻሻያዎችን ከእኩለ ሌሊት በኋላ አውርጂ። ያንቺ መስመር ወደ ኢንተርኔት ብቻ እንዲያልፍና የእርሳቸውን የቤት ዕቃዎች እንዳይነካ ይለይልሽ፤ በሁለቱ አንቴናዎች መሐል ያለው ግንኙነትም ደብሊዩፒኤ 2 ወይም 3 በሚባለው ዘዴ፣ ረዘም ባለ የይለፍ ቃል ይቆለፍ። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ያቺን ቁራጭ ወረቀት ለአባባ መልሺላቸውና የራውተራቸውን የይለፍ ቃል ይቀይሩት፤ ካሁን በኋላ አንቺ በአንቴናው ኬብል በኩል ነው የምትገቢው፣ የእርሳቸው ዋይፋይ የሚያስፈልግሽ ነገር የለም። ወረቀቱ በባለቤትሽ እጅ፣ ከዚያ በጎረቤትሽ ልጅ እጅ ሲዞር ማየት አልፈልግም።

ገንዘብ ላዋጣ ስትያቸው መቆጣታቸው የሚጠበቅ ነው። ልጃቸው ነሽ፣ በእጃቸው ብር ስታቀብያቸው ምን እንዲሉ ጠብቀሽ ነበር? በሌላ መንገድ ሂጂበት። “አባባ፣ የእርስዎ እንዳይቀንስ ፍጥነቱን ከፍ እናስደርገው፤ ጭማሪውን እኔ በቴሌብር እከፍላለሁ” በያቸው። ይህን ሲሰሙ የሚቆጡበት ነገር የለም፤ አንቺ የምትከፍይው የእርሳቸውን ኢንተርኔት ሳይሆን አንቺ የጨመርሽባቸውን ሸክም ነውና። ክፍያውን አንድ ወር እንኳን አታሳልፊ። ብታሳልፊ እርሳቸው ይሸፍኑታል፣ አይነግሩሽምም፤ ችግሩ እዚያ ላይ ነው።

ሕጉን በተመለከተ ባጭሩ። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም አገልግሎት መስጠትን በወንጀል ያስጠይቃል። አባባ ልጃቸውን ለምታህል ሰው መስመራቸውን ማካፈላቸውና ለሰፈሩ በወር ሂሳብ ማከፋፈል የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ነገር ግን የመጀመሪያውም ቢሆን በውላቸው ላይ የተመሠረተ ነው። ውሉ በአባባ ስም ስለሆነ በመስመሩ ላይ ለሚሠራ ጥፋት ሁሉ መጀመሪያ የሚጠየቁት እርሳቸው ናቸው። ስለዚህ አንድ ቀን ረፋድ ላይ አብራችሁ ወደ አገልግሎት ማዕከሉ ሂዱና ውላቸው ይህን ይፈቅድ እንደሆነ ጠይቁ፤ ዕቃውን ከዚያ በኋላ ግዢ። አይቻልም ከተባላችሁ ደብዳቤዬን እዚህ ላይ አቁሚና በዚያው ወንበር ላይ ሳለሽ ገመድ አልባውን የቤት ኢንተርኔት፣ በሲም ካርድ የሚሠራውን ራውተር ጠይቂ። እቤት ውስጥ የሚጠፋብሽ የሞባይል ኔትወርክ ጣሪያ ላይ በተሰቀለ አንቴና ሊያዝ ይችላል፤ ያ ከሆነ አባባን ሳታስቸግሪ ትገላገያለሽ። እንዲያውም ይህን አስቀድመሽ ብትሞክሪው አልከፋም፤ የሁለቱም ቴሌኮም ድርጅቶች ሲም ካርድ ያለው ሰው ፈልገሽ ጣሪያው ላይ ይውጣና ፍጥነቱን ይለካልሽ።

የጎረቤትሽ ጎረቤት መጥቶ “ለእኔም አንድ ሽቦ ጣል አድርጊልኝ” ማለቱ አይቀርም። ያንን እምቢ በዪ። ይሉኝታ ይዞሽ እሺ ብትይው አዋጁ የሚናገረው ነገር ውስጥ እጅሽን አስገባሽ፤ አባባንም ከማያውቁት ሰው ጋር አዛመድሻቸው። “የእኔ አይደለም፣ የአባባ ነው” በዪ፤ እውነትም ነው።

የእጅ ባትሪውን ሙከራ ይህን ቅዳሜ ሥሪው፤ ጨረቃ ባትኖር ይሻላል። ብርሃኑ ከየትኛው ጥግ እንደታየሽና በመሐል ምን ዓይነት ዛፍ እንዳለ ጻፊልኝ። አንቴናው ከተሰቀለ በኋላ ደግሞ ከመቀነሱ ምልክት ጋር ያለውን ቁጥር ላኪልኝ፤ አንዱን አሁን፣ አንዱን ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ዝናብ እየጣለ።